ስለ መምህርት እናናየሁ ግጥምና አብራት ስለታሰረችው ድስት

ለተከበሩ ጓድ ደምመላሽ፣
የበዓል ግጥሞች መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
አንኮበር

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ፣ የአማርኛ መምህሩ ወልደአረጋይ፣ የአንኮበር ብርድ ከሚያመጣብኝ የጉልበት ቁርጥማት በቀር ደኅና ነኝ። እርስዎም ዐሥረኛውን የአብዮት በዓል ያለ አንዳች ግጥም፣ ስለዚህም ያለ አንዳች ሥጋት ስላሳለፉ እንኳን ደስ ያለዎት።

ይህን ደብዳቤ በገበያው መግቢያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ በቢሮዎ በኩል የላክኋቸው ማመልከቻዎች መንገድ ስለጠፋባቸው፣ ሲያልፉ ሲያገድሙ ዓይንዎን ቢጥሉበት ብዬ ነው። ጉዳዬ የባልደረባዬ የመምህርት እናናየሁ ነው። ለበዓሉ በጻፈችው ግጥም ምክንያት በትእዛዝዎ ከታሰረች እነሆ መስከረም ሊያልቅ ነው፤ ተማሪዎቿም ያለ አስተማሪ ተቀምጠዋል። ያሳሰራት ግጥም እንዲህ ይጀምራል፦

አገሬን ብትሹ፣ ጓዳ ውስጥ ግቡና
እዩዋት ያቺን ድስት፣ ታጥባ ተከድና፤
ሥጋችን አይገባ፣ እኛ አንበላባት፤
የቆላው ወንድሜ፣ አደራ አለባት።

ኮሚቴዎ በእነዚህ ስንኞች ላይ ላደረገው ጥልቅ ምርመራ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ድስቷን «ሰፊውን ሕዝብ በሃይማኖት የምትከፋፍል» ብላችሁ ስለፈረጃችኋት አመሰግናለሁ። እኛ ያልነቃነው ግን፣ ክርስቲያኗ እመቤት ለሙስሊም እንግዳዋ ድስት ለይታ የምታስቀምጠው፣ ከአሊዩ አምባ ያን ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው ባርኮ ባረደው ዶሮ ሳይሳቀቅ እንዲበላ ነው ብለን እናምን ነበር። ቆላ ስንወርድም ለእኛ እንዲሁ ይደረግልናል። እናናየሁ አገርን በድስት የመሰለችው ሌላውን እንደ ራስ ሳያደርጉ መውደድ እንደሚቻል ለማሳየት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሤራ ኖሯል።

2ኛ. በምትኩ «አንድ የጋራ ድስት» የሚል ግጥም እንድጽፍ ስላዘዙኝ ክብር ተሰምቶኛል። ሞክሬም ነበር። ዳሩ ግን በግጥሜ ውስጥ ሁላችንም የጋራውን ድስት ከበን ስንጎርስ፣ የአሊዩ አምባው ነጋዴ ዓወል እጁን አጣጥፎ ያየናል። ዓወልን እንዳላስወጣው እንግዳ ነው፤ እንዳላስበላው ሃይማኖቱ ነው። ትራክተር ባስገባም አልበላ አለኝ፤ ስለዚህ ግጥሙን ትቼዋለሁ።

3ኛ. ቤቷን አስፈትሻችሁ ድስቷን በኤግዚቢትነት ስለወሰዳችሁ እጅ እነሣለሁ። በጥንቃቄ መያዟንም ሰምተናል፤ ዘበኞቹ ለመስከረም ሁለት በዓል የበሬ ሥጋ ሠርተውባታል። ባለፈው የገበያ ቀን ዓወልና ባለቤቱ ኩብራ እንደ ወትሯቸው እናናየሁ ቤት ቢመጡ፣ እናቷ አሮጊቷ አሰገደች የምትሠራላቸው ድስት አጥታ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። እነርሱ ግን ለታሳሪዋ ያመጡትን ማሽላ አስቀምጠው፣ እሷኑ ሲያጽናኑ ቆይተው ጦማቸውን ቁልቁለቱን ወረዱ። ከፋፋይ የተባለችው ድስት ስትወገድ አንድነታችን እንዴት እንደጠነከረ በዚህ ይረዱልኛል።

4ኛ. በግጥሙ መጨረሻ ድርቅ ያፈናቀለው ሰው በር ያንኳኳል፤ እመቤቲቱም የማን ዘር ነህ፣ ከየት መጣህ ሳትል፣ የትኛዋን ድስት ልጣድልህ ብላ ብቻ ትጠይቀዋለች። ለእኔ ርኅራኄ ማለት ይህች ጥያቄ ናት፤ ሳነባት ዕንባ መጥቶብኛል። ኮሚቴዎ ግን በዐሥረኛው ዓመት ረኃብ የለም ብሎ ሰርዟታል። እግዜር ይስጥልን፤ ከወሎ በኩል እየመጡ በመንገድ ዳር ወድቀው የምናያቸው ሰዎች እንቅልፍ ጥሏቸው መሆኑን በማወቃችን በጣም ተጽናንተናል።

እንግዲህ የምለምነዎ አንድ ነገር ነው። እናናየሁን ይፍቱልን። ሳምባዋ ደካማ ነው፤ የእስር ቤቱ ወለል ደግሞ ባዶ ሲሚንቶ ነው። ጥፋቷ ምሳሌ መምረጥ ከሆነ ከእንግዲህ የምትጠቅሰውን ምሳሌ ኮሚቴው ይምረጥላት፤ ለርኅራኄ የሚሆን አንድ ነገር በመጋዘናችሁ እንደማይጠፋ እተማመናለሁ።

ትችትን እንደ አባት ምርቃት አጎንብሰው ለሚቀበሉት ለእርስዎ፣ በፍጹም አክብሮትና በገዛ እጄ ጽሑፍ፣

ወልደአረጋይ፣ ነገ ጧትም እዚሁ ክፍል የሚያስተምር፣ ማለትም ከተተወ

ማስታወሻ፦ ግጥሙ ከተማሪዎች አእምሮ እንዲጠፋ ባስተላለፉት መመሪያ መሠረት፣ የሚያስታውሰው ማን እንደሆነ ትናንት በክፍል ውስጥ ጠይቄ ነበር። ሁሉም ፈርተው አቀረቀሩ። አንዲት ልጅ ብቻ ተነሥታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሏ ወጣችው፤ እርሷም የእርስዎ ልጅ ናት። ሙሉ ነጥብ ሰጥቻታለሁ። የግጥሙ ትርጉም አሁንም ካስቸገረዎ ማታ ቤት ሲገቡ ይጠይቋት፤ እንደ መምህርቷ በትዕግሥት ታስረዳለች።