ስታቭ በፊልሟ የቆጠረችው ዘር

ይድረስ ለአጎቴ ለአባ ቢሆነኝ፣ ጎንደር። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ እዚህ እስራኤል፣ ሬሆቮት ከተማ ሁላችን ደኅና ነን።

ልጄ ስታቭ በተዋሰችው ካሜራ የአሥራ ሁለት ደቂቃ የፍቅር ኮሜዲ ፊልም ሠራች። ስህተቷን ልለቅም እስክሪብቶ ይዤ ፊልሙ ወደሚታይበት አዳራሽ ገባሁ፤ አንድ ቃል ሳልጽፍ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በፊልሙ ውስጥ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ እሷና ናዳቭ የሚባል ልጅ ለመጋባት ዘር ይቆጥራሉ፤ እስከ ሰባት ቤት ከተዛመዱ አይሆንላቸውም። ያስተማርኳትን ስም አንድም ሳትስት ስትዘረዝር አባቶቻችን በዚያ ትልቅ ሸራ ላይ የተነሡ መሰለኝ።

አምስተኛው አያት ላይ ሁለቱም እኩል «ዳኘው!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ለናዳቭ ይህን ስም ማን ሰጠው?» ብዬ ፊልሙ ሲያልቅ ስታቭን ተቆጣሁ።

«አባ፣ የራሱን አያቶች ነው የቆጠረው። ቤሰደር፣ ችግር የለም፣ ፊልም እኮ ነው!» አለች፤ ዐይኔን ግን አላየችም።

ናዳቭ አሁን በየሰንበቱ እኛ ዘንድ ይበላል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ወገኖቹ ከዚያው ከጎንደር፣ ከአምቦበር መንደር ናቸው። ለመሆኑ የእኛ ዳኘው ወደዚያ ሄዶ ያገባ ልጅ ነበረው? ስህተት ስለማልወድ፣ ለፊልሙ ብዬ ነው የምጠይቅዎ። ፊልሙ አልቋል፤ ቢሆንም ደብዳቤው እንደደረሰዎ ይደውሉልኝ።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ከእርስዎ በቀር የሚቆጥርልን ሰው አልቀረም።

የወንድምዎ ልጅ፣ ተገኘ