ጫማዬን ብፈታ ቃሬዛ መጣ

ወንድሜ ወዳጆ፣ ከቁርጭምጭሚቴ በቀር ደኅና ነኝ።

ትናንት ጓሳ ዳገቱ ላይ እግሬን ወለም ብሎኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ፈታሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው። የመንዝ ሰው ተቀምጦ ያገኘውን ሽማግሌ ሁሉ በቃሬዛ ካልተሸከመ እንቅልፍ አይወስደውም! «አባባ፣ ይተኙልን» ይሉኛል። «አልሞትኩም እኮ!» ብል፣ አንዱ «እሱማ ከጩኸትዎ ያስታውቃል» ብሎ አሳቀብኝ። እንደ ሬሳ ተሸክመው እስከ መኪናው መንገድ አወረዱኝ። የእኛ የመርሐቤቴ ሰው ቢሆን ዱላ አቀብሎኝ ያልፍ ነበር።

ዳገቱን ደግሜ ሳልወጣው አልመለስም። ለልጄ ለየምሥራች እንዳትነግራት። እናቷ ካረፈች ወዲህ እንደ ዶሮ በጊዜ ነው የምታስገባኝ፤ ይህን ከሰማችማ ደጅም አልወጣ።

ማዕረግንና ልጆችህን ሳምልኝ። ቦታ አለቀብኝ፤ ስመጣ በቅሎህን ይዘህ መናኸሪያው ጋ ጠብቀኝ። መንደራችን አፋፍ ላይ ወርጄ በእግሬ እገባለሁ።

ኪዳነ