በጥቁር የተሰመረው ቁልቁለት

ቅዳሜ፣ የካቲት 14 ቀን 2018፣ አልትሽቴተን

ዛሬ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ወደ ተራራ ሄድን፤ ትልቅ የስኪ፣ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ቦታ ነው። እኔ ስኪ የጀመርኩት እዚህ አገር በመጣሁ በዓመቱ፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ይህን ከመካከላቸው የሚያውቅ የለም፤ የጠየቀኝም የለም። ገና ከባቡር ስንወርድ አለቃችን ሬቶ፣ «አንቺ ከጀማሪዎቹ ጋር ነሽ፤ አስተማሪ ይዤልሻለሁ» አለኝ። ለሌሎቹ ካርታ አደላቸው።

በሰው ፊት መከራከር አስጠላኝ። የስኪ ዕቃ ተከራይቼ ብቻዬን በገመድ ወደ ላይ የሚወስደው ካቢን ጋ ሄድኩ። ሠራተኛውን «በጣም ከባዱ ቁልቁለት በየት በኩል ነው?» ብለው፣ «ቀላሉ በዚያ ነው» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ከሁሉ የከበደው በጥቁር ነው የሚሰመረው፤ ከግድግዳው ካርታ ላይ ራሴ ፈልጌ አገኘሁት። በረዶውን ማሽን ያልደለደለው፣ ጉብታ በጉብታ የሆነ፣ ገደል የሚመስል መንገድ ነው። አንዴም ሳልወድቅ ወረድኩት። ከደስታ ብዛት እንባዬ መጣ።

ታች ሬቶና ሌሎቹ ቆመው ሲያዩኝ ነበር። መነጽሬን ሳወልቅ ሬቶ ክው አለ።

«አንቺ ነሽ እንዴ! ተሳስተሽ ነው የገባሽበት? እንኳን ተረፍሽ!»

ሁሉም ሳቁ።

ስምንት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። «መርጬው ነው» ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን «አዎ፣ ምልክቱን አላየሁትም» አልኩና አብሬያቸው ሳቅኩ። እሱስ አያውቀኝም እንበል። እኔ ምን ነክቶኝ ነው የሳቅኩት?