የማን እንደሆነ ያልታወቀው ረድፍ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ፋላኒኮ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? የዌሊንግተን ብርድስ እንዴት ይዞሃል? ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይ? ካፖርት ለብሰህ የላክኸው ፎቶ እማማ ትራስ ሥር ነው፤ «ከስቷል» እያለች ለመጣ ሰው ሁሉ ታሳያለች። እኛ ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ወንድም ዓለም፣ ደብዳቤ የምትወስደው መርከብ ነገ ስለምትመለስ ዋናውን ልንገርህ። ሳትሰናበተው የሄድህ ጊዜ አባባ ስምህን ከዓሣ ድርሻ መዝገብ እንደሰረዘ፣ ከዚያ ወዲህም አንድ ቀን እንኳ እንዳልጠራህ ታውቃለህ። ደብዳቤህን ለእማማ ሳነብላት ተነሥቶ ይወጣል፤ ከደጃፉ ግን አያልፍም።

ባለፈው ሐሙስ ወንዶቹ ደሴታችንን ከከበበው የኮራል ድንጋይ አጥር ውስጥ መረብ ጥለው ብዙ ዓሣ አወጡ። ሲቆጠር ሁለት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። መቼም አባባ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሮ፣ ቁጥር ካገኘ ሳያገላብጠው አይተውም። በአሥር በአሥር አስደረደረው፤ የመጨረሻው ረድፍ አንድ ጎደለው። አሸዋው ላይ በጣቱ እየጻፈ በዘጠኝ አካፈለው፣ አሁንም አንድ ጎደለ። በስምንት፣ በሰባት እያለ እስከ ሁለት ወረደ፤ ሁልጊዜ አንድ ይጎድላል። አክስታችን ማካሊታ «አንተ ሰውዬ፣ ዓሣው እስኪሸት ልታስተምረን ነው?» ስትለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ይኸ ቁጥር ምን ነካው፣ በየት በኩል ብትይዢው አንድ ይጎድለዋል» አላት።

በመጨረሻ በአሥራ አንድ ሞከረው። ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝ ረድፍ፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ። እንደ ደንባችን ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ስም እየጠራ ለእያንዳንዱ አሥራ አንድ አደለ። መንደሩ ግን ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ሰው ነው። ሁሉም ድርሻውን አንሥቶ አንድ ረድፍ አሸዋው ላይ ቀረ።

«ያልተጠራ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ማካሊታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የጎደለውንማ አንተ ታውቀዋለህ» አለችው። መዝገቡን መልሶ አየ። ከዚያ «ፋላኒኮ» አለ። ሄጄ ያነሣሁልህ እኔ ነኝ። አለቀስሁ፣ አልደብቅህም።

የቁጥሩ ነገር ነው፣ ነገ ይረሳዋል ብዬ ነበር። ቅዳሜ የተያዘው ግን አራት መቶ ሃምሳ ስድስት ነበር፤ ለመንደሩ ሰው ሁለት ሁለት፣ ልክክ ያለ። አባባ ግን ስምህን ከሁሉ አስቀድሞ ጠራ። እንደ ልማዱ የራሱን ለመጨረሻ ስላቆየ፣ ተራው ሲደርስ ምንም አልተረፈም። ባዶ እጁን እያፏጨ ወደ ቤት ገባ።

የሐሙሱን ድርሻህን በጨው አድርቄ ሰቅዬልሃለሁ። እማማ ዓይንህን ሳላይ አልሙት ብላሃለች። ማካሊታ «በደንብ ይብላ» ትልሃለች። አባባን ምን ልጻፍለት ብዬ ብጠይቀው ጀርባውን እንደሰጠኝ «ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝ ነን ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

እህትህ አኬኔሄ
ኑኩኖኑ፣ ቶክላው
ኦገስት 16 ቀን 1998