ጋሽ መዶሻና የግድግዳው መኪኖች

ጋሽ መዶሻ በሚል ስም የምናውቃቸው፣ የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ የሚያቃኑት ባትላሜራ፣ የጋዜጣ ማተሚያ ማሽን ሠራተኛ ከነበሩት አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው፣ በኅዳር ወር 1939 ዓ.ም. ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ቅጽል ስማቸው ከሥራቸው የመጣ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አይደለም። በአሥራ አንድ ዓመታቸው የአንድ የክፍል ጓደኛቸውን አፍንጫ በቡጢ በሰበሩ ማግስት የወጣላቸው ነው። እውነተኛውን መዶሻ የጨበጡት ከዚያ አምስት ዓመት ቆይተው ነው።

ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገው እንጂ፣ ገና አእምሯቸው ሳይደክም “ስትጽፈው ስቱኮ አታብዛበት” ብለው ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። ስቱኮ ባትላሜራ የመኪናን ጉድጓድ የሚደፍንበት ልስን ነው፤ ከላዩ ቀለም ሲቀባ ጉዳቱ አይታይም። በቃላቸው መሠረት እዚህ ጽሑፍ ላይ ብዙ አልተለሰነም።

አባታቸው ቀለም የተዛነፈባቸውን የጋዜጣና የመጽሔት ገጾች እያመጡ፣ ንፋስ እንዳይገባ ግድግዳው ላይ ይለጥፉ ነበር። አብዛኞቹ የመኪና ማስታወቂያዎች ነበሩ። ከልጆቹ አልጋ በላይ ውሃ ሰማያዊ ባለ ሁለት በር መኪና ነበረች። ሹፌሩ ኮፍያውን አንሥቶ ሰላምታ ይሰጣል፤ ሚስቱ ነጭ ጓንት አጥልቃ ትስቃለች፤ ከኋላ ሁለት ልጆች በመስኮት ያያሉ። ከሥሩ “ቤተሰብዎ በደስታ ይደርሳል! ዋጋዋ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብቻ። ሬዲዮና ትርፍ ጎማ ጨምሮ” ይላል።

የአባታቸው እጅ ከበድ ያለ ነበር ብሎ ማለፍ ስቱኮ ነው። አባታቸው የሚገርፉት በተበጠሰ የማተሚያ ማሽን የጎማ ቀበቶ ሲሆን፣ ጀርባ ሳይደማ አያቆሙም ነበር። ጋሽ መዶሻ የአባታቸውን ኮቴ ሲሰሙ ታናሻቸውን አልጋው ሥር ይገፉትና የሁለቱንም ድርሻ ብቻቸውን ይቀበሉ ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ሳያለቅሱ፣ ዓይናቸው ያረፈበትን ማስታወቂያ ጮክ ብለው ያነባሉ። ከሰማያዊዋ ጀምረው፣ ወደ ጭነት መኪናው፣ ወደ ቮልሷ፣ ከዚያ ተመልሰው ወደ ሰማያዊዋ። “ሬዲዮና ትርፍ ጎማ ጨምሮ” ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ሲደርሱ አብዛኛውን ጊዜ የአባታቸው ክንድ ይዝል ነበር። ታናሹ ከአልጋው ሥር “አለቀ?” ይላል። እሳቸውም “አለቀ፣ ውጣ” ይሉታል።

ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለው፣ መምህራቸውን በወንበር በመምታታቸው ተባረዋል። በ1955 ዓ.ም. ጋራዥ ተቀጥረው፣ በሃያ ስድስት ዓመታቸው የራሳቸውን ከፈቱ። በሥራቸው አቻ አልነበራቸውም። የተጨማደደ የጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎ እሳቸው እጅ ገብቶ ሲወጣ ባለቤቱ የእኔ አይደለም ብሎ ይከራከር ነበር። አባታቸው ሲያርፉ ማስታወቂያዎቹን በፈላ ውሃ እንፋሎት እያላቀቁ አንድ በአንድ አወረዱና የጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጠፏቸው። ደንበኛ ሁሉ የቆየውን ዘመን ሊሰማ ይመጣል። እሳቸውም ላሜራቸውን እየቀጠቀጡ ዋጋውን ከነመፈክሩ በቃላቸው ይወርዱታል። “ያኔ እኮ!” ይላል አንዱ ሽማግሌ እየተከዘ። “ዛሬ በዚያ ዋጋ የዝናብ መጥረጊያዋን አይሸጡልህም” ይላሉ ጋሽ መዶሻ። ሁሉም ይስቃል። ያ ዋጋ የት እንደተሸመደደ ከታናሻቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እጃቸው ግን ከአፋቸው ይቀድም ነበር። በ1968 ዓ.ም. አንድ የመኪና ደላላ “ይሄ ዋጋ ያኔም ውሸት ነበር፣ ቀረጡ የለበትም” እያለ ወረቀቱን በጣቱ ሲጠነቁል ጥጉን ቀደደው። ጋሽ መዶሻ በያዙት ፓራፋንጎ ደረቱን መቱት፤ ወድቆም አልተዉትም። የደላላው ሦስት የጎን አጥንት ተሰብሮ እሳቸው ስምንት ወር ታሰሩ። ታናሽ ወንድማቸውም ወረቀቶቹን የሚገዛ ሰብሳቢ ማግኘቱን ባበሠራቸው ቀን ሁለት የፊት ጥርሶቹን ለቅሟል። ይህ ጽሑፍ ዛሬ በሌላ ሰው የሚነበብበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በ1970 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ዓይናቸው ሥር በልዞ ሦስት ጊዜ ልጆቹን ይዘው እህታቸው ቤት ገብተዋል፤ ሦስት ጊዜም ተመልሰዋል። ለምን እንደተመለሱ ሲጠየቁ “ሆድ ይፍጀው” ይላሉ።

በ1980 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስምንት ዓመት የሆነው ልጃቸው በእናቱ መቀስ ሰማያዊዋን መኪና ከጋራዡ ግድግዳ ቆርጦ ደብተሩን ሸፈነባት። ጋሽ መዶሻ ባዶውን ቦታ አዩ። ልጁን በአንገቱ ይዘው ወረወሩት፤ ተነሥቶ ሲሸሽ በመዶሻው እጀታ ግራ ክንዱን መቱት። ሲሰበር ድምፁ ተሰማ። እናቱ መሐል ቢገቡ ተገፍተው ወደቁ። ታናሽ ወንድማቸው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ለምን እንዳልገባ እስከ ዛሬ ራሱን ይጠይቃል።

ልጁ ማምለጫ ሲያጣ ጥጉ ውስጥ ተኮራምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዕድሜውን ሙሉ ከአባቱ የሰማውን መውረድ ጀመረ፦ “ቤተሰብዎ በደስታ ይደርሳል። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብቻ።” ይህን እንዲያደርግ ማንም አላስተማረውም። መዶሻው በአየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጋሽ መዶሻ ልጃቸውን ታቅፈው እስከ ሐኪም ቤት ሮጡ፤ መንገዱን ሁሉ ጮኸው ያለቅሱ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አልመቱም። ንዴቱ ግን የትም አልሄደም። ጋራዡ ጓሮ የጭነት መኪና በር አስደግፈው፣ ሲብስባቸው መዳፋቸው እስኪደማ ይወግሩት ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አራት በር ጨርሰዋል። ልጃቸውን ግን ይቅርታ አልጠየቁም። ለመጠየቅ ፈሩ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ልጁ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከቤት ወጣ፤ የአውቶቡስ ሹፌር ሆነ፤ ሃያ ሦስት ዓመት የአባቱን ደጅ አልረገጠም። እሳቸውም እሱ የሚነዳበትን መስመር አጥንተው፣ ከማዶ ቆመው ሲያልፍ አይተው ይመለሱ ነበር።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመርሳት ሕመም ተይዘው፣ በባለቤታቸውና በሴት ልጃቸው እንክብካቤ ሲረዱ ቆዩ። ሰዉን ሁሉ ረሱ። አንድ ሰው እጁን ካነሣ ግን፣ መድኃኒት ሊሰጣቸውም ቢሆን፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር።

ጥር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ልጃቸው መጣ። ትራሳቸውን ሊያስተካክል ደህና ያልተቃናውን ግራ ክንዱን ሲዘረጋ፣ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ ጋርደው “አባባ፣ በቃኝ” አሉ። ልጁ እጁን ሰበሰበ። ለመሄድ የተነሣ መስሎን ነበር። እሱ ግን ከአልጋው ጎን ተንበረከከና ሰማያዊዋን መኪና በቀስታ ወረደላቸው፤ ባለ ኮፍያውን፣ ባለ ጓንቷን፣ ዋጋዋን፣ እስከ ሬዲዮና ትርፍ ጎማ ጨምሮ። እጃቸውን ከፊታቸው አወረዱ።

“አለቀ?” አሉ።

“አለቀ፣ አባዬ።”

በማግስቱ ጥር 10 ቀን፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ወንድና ሴት ልጃቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ ወንድማቸው በሐዘን ቀርተዋል። እሳቸው የበደሏችሁ ሁሉ እዚህ ተቀምጣችኋልና ስለ መጣችሁ ቤተሰቡ ያመሰግናችኋል።

ፈጣሪ ለዱላ እጅ ከማይነሣበት ቤት ያስገባቸው።