ለወይዘሮ ግማሽ፣ ስለ መኪናው ጉዳይ

የኔዋ አስካለ፣

አንቺን ከሸኘን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። ሙታን ደብዳቤ አያነቡም ብሎ ፓስተራችን ይገሥጸኝ ይሆናል፤ ከሱ ጋር ክርክር አልገጥምም። ግን በአርባ አራት ዓመት ትዳር አንቺን ሳላማክር ካልሲ እንኳ ገዝቼ አላውቅም። ሰሞኑን መኪና ምረጥ ተባልኩ። ታዲያ ማንን ልጠይቅ?

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ጎረቤታችን ያንን ግዙፍ ዛፉን አስቆረጠው። ጨለመብኝ እያልሽ ስትነጫነጪበት የኖርሽው ሳሎን አሁን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይሞላዋል፤ ፀሐይዋም ሄዳ ሄዳ አንቺ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። መጋረጃውን እዘጋዋለሁ። ምሕረት ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ወጥ ትሠራልኛለች። ልጄ እንደ እናቷ በጨው አትሰስትም እያልኩ እተርባታለሁ፤ እሷ ግን ድስቷን ማጠቧን ትቀጥላለች። ቀልድ ለካ የሚናደድለት ሰው ይፈልጋል።

ያቺ አሮጊት መኪናችን ባለፈው እሑድ ከቸርች ስመለስ ካምቢዮዋ አልቆ ሞርስ ሮድ አውራ ጎዳና መሐል ላይ ቆመችብኝ። መካኒኩ አያት አያትና ራሱን ነቀነቀ። ያንን አነቃነቅ ከሆስፒታል አውቀዋለሁ። በነጋታው ምሕረት ከሥራዋ አስፈቅዳ፣ የልጅ ልጃችንን ኤደንንም ይዛ፣ ታዴ ጋ ወሰደችኝ፤ ያ ከጨረታ መኪና እያነሣ የሚሸጠው የቸርቻችን ልጅ። ሁለት አሳየን፤ አንድ በነዳጅም በባትሪም የሚሄድ ያገለገለ ሃይብሪድ፣ አንድ ኤሌክትሪክ። ጋሼ፣ ይሄ ሃይብሪድ ነዳጅ አይጠጣም፣ ያሸታል እንጂ፣ አለኝ። አንዴ ከሞሉት ሁለት ሳምንት ማደያ አያዩም። ምሕረት እሱን ወደደችው። የኤሌክትሪኩን ባትሪ የክረምቱ ብርድ ይበላዋል፣ አንተ ደግሞ ቻርጅ ማድረግ ትረሳለህ አለች። ኤደን ኤሌክትሪኩ ካልሆነ ብላ ድርቅ አለች፤ እሷ በእንግሊዝኛ ታስረዳኛለች፣ እኔ በአማርኛ ራሴን እነቀንቃለሁ።

እኔም የምፈልገው ኤሌክትሪኩን ነው አልኳቸው። ሦስቱም ሳቁ። ምን ያድርጉ? እንዲህ ያለ መኪና ባየሁ ቁጥር «ጎማ ያበቀለ ስልክ» እያልኩ ስተርብ የከረምኩት እኔው ነኝ። ዕድሜውን በቀልድ የጨረሰ ሰው የምሩን ሲናገር የሚያምነው የለም።

የምሬን ነበር። ኤሌክትሪክ የፈለግሁት ማደያ ስለማይገባ ነው። ካንቺ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ነዳጅ ቀድቼ አላውቅም። ጉልበቴን አመመኝ፣ ብርዱ በረታብኝ እያልኩ ምሕረትን ነው የማስቀዳው።

ወይዘሮ ግማሽ ለምን እንዳልኩሽ ትዝ ይልሻል? ነዳጁ ከግማሽ በታች ሲወርድ መንገድ ላይ ቀረን ብለሽ ፊትሽ ይለዋወጥ ነበር። እኔ ክፉው ሽማግሌ ደግሞ ሆን ብዬ አወርደው ነበር። የነዳጁ ቢጫ መብራት ልክ እሑድ ጠዋት እንዲበራ አስልቼ እነዳለሁ። ሲበራ ዓይንሽን ጨፍነሽ ትጸልያለሽ፤ እኔም ፓስተሩ እንዲህ አስጸልዮሽ አያውቅም እልሻለሁ። በቦርሳሽ ጭኔን ትመቺኛለሽ። ያ ምት ዛሬ ቢገኝ ሌላውንም ጭኔን አዞርልሽ ነበር።

በዚያ በመጨረሻው ሐሙስ የበራው መብራት ለእሑድ ያዘጋጀሁልሽ ነበር። ቤክስሊ ሰፈር ከምትጦሪያቸው አሮጊት ቤት ደወልሽና፣ ትንሽ ደክሞኛል፣ ና ውሰደኝ አልሽኝ። ከቤታችን ከኢስትሙር እስከ ቤክስሊ ምን አላት? ሰው በእግሩ ይደርሳል። መብራቱን አየሁትና፣ አንቺን አሳፍሬ መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቆምብኝ እስከ ዕለተ ሞቴ ትስቂብኛለሽ ብዬ ማደያ ገባሁ። ማሽኑ ካርዴን እምቢ አለኝ። ውስጥ ገብተህ ክፈል አለኝ። ውስጥ ሰልፍ ነበር። ሰልፉ ላይ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

«የት ደረስክ?» አልሽኝ።

«ደርሻለሁ፣ እየታጠፍኩ ነው።»

ሁላችንም እንዲህ አይደል የምንለው? ከአልጋ ሳንወርድ መንገድ ላይ ነኝ፣ ከቤት ሳንወጣ ደርሻለሁ። ግን እኔ ደርሻለሁ ስላልኩ አንቺ አምቡላንስ አላስጠራሽም። አሮጊቷ ኋላ እንደነገሩኝ፣ ባሌ መጥቷል ብለሻቸው፣ ኮትሽን ለብሰሽ፣ ቦርሳሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ በሩ አጠገብ ተቀመጥሽ። ስመጣ እንደዚያው ተቀምጠሽ ነበር። ያኮረፍሽኝ መስሎኝ ልቀልድብሽ አፌን ከፍቼ ነበር።

ሐኪሙ፣ አሥር ደቂቃ ቀድመህ ብትደርስም አትተርፍም ነበር አለኝ። ሐኪም ለባል ሌላ ምን ይለዋል?

ይህንን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ያኔ ታዴ ጋ፣ እሱና ኤደን ኤሌክትሪኩን ሊያዩ ሲሄዱ ግን እኔና ምሕረት ሃይብሪዱ ውስጥ ተቀምጠን ቀረን። የምርህን ንገረኝ አባዬ፣ ማደያ ላይ ምን አለብህ? አለችኝ። ልጅሽ ሞኝ አይደለችም፤ ለካ ስታየኝ ከርማለች። ነገርኳት፤ ሰልፉንም፣ ደርሻለሁ ማለቴንም። መሪውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ያን ቀን ለኔም ደውላልኝ ነበር» አለችኝ። «‹አባትሽ ደርሻለሁ ብሎኛል፣ መብራቱን አብርቶ ማደያ ገብቷል ማለት ነው። ቆይ ሲመጣ አሳየዋለሁ› ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ከሳቀችማ ደህና ናት ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።»

አስካለ፣ አውቀሽ ነበር። ያታለልኩሽ መስሎኝ ይህን ሁሉ ጊዜ ስቃጠል፣ ለካ አንቺ የት እንደቆምኩ እንኳ አውቀሽ ነው የጠበቅሽኝ። ይህን የሰማ ሰው ይቀልለዋል ይሉ ይሆናል። አልቀለለኝም። እስከዚያ ድረስ ውሸቴን ብቻ ነበር የምሸከመው፤ አሁን ትዕግሥትሽ ተጨመረበት። ልጃችንም ያቺን ሳቅ በሆዷ ይዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ድስት ስታጥብ ከርማለች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ስለ ጨው እተርባታለሁ። ሁለታችንም አለቀስን። ታዴ መጥቶ በመስኮቱ አየንና፣ ዋጋው የከበደን መስሎት ልቀንስላችሁ አለ። አንቺ ብትኖሪ በዚህች ነገር ዓመት ሙሉ ትስቂ ነበር። እኛ አልሳቅንም።

ሃይብሪዱን ወሰድኩት። ኤሌክትሪኩ ከማደያው ያስመልጠኛል፤ ከዚያች በር አጠገብ ካለችው ወንበር ግን አያስመልጠኝም። ደግሞስ ከማን ልደበቅ? ልጄ ታውቃለች። አንቺ መጀመሪያውኑ ታውቂ ነበር።

ትናንት እዚያው ማደያ ሄድኩ። ካርዴን ማሽኑ ወዲያው ተቀበለው፤ ያን ቀን ምን ሆኖ ነበር? እስከ አፉ ሞላሁት። ቆጣሪው ሙሉ ይላል አስካለ፤ የምሄድበት ግን የለኝም። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ምሕረት ደወለች። የት ደረስክ አባዬ? አለችኝ። ገና ነኝ፣ ማደያ ነኝ አልኳት። እሺ አለች፣ በቀስታ።

ከእንግዲህ ነዳጁን ከግማሽ በታች አላወርደውም። ቆጣሪውን ባየሁ ቁጥር አንቺን አያለሁ፤ እስካለሁ ድረስ እንዲሁ ነው። አንድ ቀን አንቺም ካለሽበት የት ደረስክ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ እኔም ቶሎ መድረስ ብመኝም፣ አልዋሽሽም። ኮትሽን አውልቂ፤ ገና ነኝ።

ያንቺው ክፉ ሽማግሌ