ከአሥረኛው ሳምንት ፎቶ የወጣ ስም

ለክቡር አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? የጦሳ ብርድ ዘንድሮ እንዴት ይዞዎታል? እናቴስ፣ ታናሽ እህቴ ጀናትስ እንዴት ናቸው? እኔና ባለቤቴ ዘይኑልአቢዲን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በሆዴ ያለችውም ደህና ናት፤ ስለ እሷ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም።

በወረቀት የምጽፍልዎ፣ ስደውል ስልኩን ለእናቴ ስለሚያቀብሉ ነው። ሴት መሆኗን ከነገርኩዎት ቀን ጀምሮ፣ ይኸው ሦስት ሳምንት፣ ድምፅዎን አልሰማሁም። ወረቀት ግን ሳይጨርሱት ለሰው አይሰጡም፤ ጠባይዎን አውቃለሁ።

አባዬ፣ ተናድጃለሁ። በነሐሴ፣ እዚህ ኤኮ የሚሉትን አልትራሳውንድ ስነሳ፣ ጽንሱ ገና አሥር ሳምንቱ ነበር፤ ቁመቱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። አዋላጇ በእግሮቹ መካከል ያለችውን ትንሽ ጉብታ አሳይታኝ፣ በዚህ ዕድሜ ወንዱም ሴቷም ይህችው ናት ያለቻቸው፣ ገና አልተለየም አለችኝ። ፎቶውን ስልክልዎ ይህንኑ ከሥሩ ጽፌ ነበር። ማን አነበበው? ለጎረቤታችን ለጋሽ ማንደፍሮ ወስደው አሳዩአቸው። ፋርማሲ ያለው ሰው የማያውቀው ነገር ያለ አይመስልዎትም። እሳቸውም በስልክዎ ላይ ጉብታዋን በቀይ ከበቡና ወንድ ነው አሉ።

በዚያው ሳምንት በግ አርደው ዱዓ አስደረጉ፤ የወንድሜን የሀሪስን ስምም ሰጡት። ሀሪስ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ስሙን በቤታችን ደፍሮ የሚጠራ አልነበረም። እርስዎ ግን «ሀሪስ ተመለሰልኝ» ብለው በስልክ ሲያለቅሱ አንጀቴን በሉትና ዝም አልኩ። ከሁለት ወር በላይ ዝም አልኩ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ አውፍ ይበሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ግን የኔ አይደለም። በሃያኛው ሳምንት ሴት መሆኗ ያለ ጥርጥር ታየ። ባለሙያዋ ልቧን፣ ኩላሊቶቿን፣ አከርካሪዋን አንድ በአንድ አይታ ሁሉም ደህና ነው ስትል፣ ሮተርዳም ካለው መሥሪያ ቤቱ አስፈቅዶ የመጣው ዘይኑልአቢዲን አጠገቤ ሆኖ ያለቅስ ነበር። ይህን ሁሉ ልነግርዎ ደውዬ፣ ገና ሴት ናት ስል ዘጉብኝ። በኋላ ያሉትን እናቴ እያፈረች ነገረችኝ፦ «ልጄን ሁለቴ ቀበርኩት።»

አባዬ፣ እዚህ የተቀበረ ሰው የለም። ይህን ስጽፍ እንኳ እየተራገጠች ነው። ላልሞተች ልጅ እንዴት ለቅሶ ይቀመጣሉ? ሀሪስ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ እኔም እህቱ ነኝ። እሷ ግን ማንንም ልትተካ አልመጣችም። ወንድ ብትሆንም ሀሪስን አትሆንም ነበር።

የሁላችንንም ስም ያወጡት እርስዎ ነዎት። የሷንም እንዲያወጡ እፈልጋለሁ፤ የሟች ሳይሆን የራሷን። በመጋቢት ትወለዳለች። እስከዚያ ካልላኩልኝ እኔው አወጣለሁ፤ እርስዎም የልጅ ልጅዎን ስም እንደ ጎረቤት ከሰው ይሰሙታል።

እናቴን ሰላም ይበሉልኝ፤ እሷ ምንም አላጠፋችም። ጀናት ለፈተናዋ ትበርታ። ለጋሽ ማንደፍሮም ሰላምታዬ ይድረስ፤ አልተቀየምኳቸውም ብል ግን እዋሻለሁ። ዘይኑልአቢዲን እጅ ነሥቷል።

ልጅዎ ሙሂባ
ሙርዋይክ፣ ዴን ሃግ
ኅዳር ፳ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.